ልጄ ልዩ ተሰጥኦ ይኖረው ይሆን? ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ትንሽ ልጅ ከዕድሜው በላይ የሆነ ነገር ሲናገር ወይም ሲሠራ ወላጅ ደስም ይለዋል፣ ግራም ይገባዋል። “እውነት የተለየ ነው? ወይስ ልጄ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚታየኝ?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ብዙዎች ጉራ እንዳይመስልባቸው ጥያቄውን ለሰው አያወሩትም። ጉራ አይደለም። ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ከታች ያሉት ከ2 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው ልጆች ወላጆች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ልጄ ከእኩዮቹ ቀድሞ አፉን ፈታ። ይህ ብቻውን ምልክት ነው?

ብቻውን አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸውን 1 ዓመት አካባቢ ይናገራሉ። ወደ 2 ዓመት ሲጠጉ ሁለት ሁለት ቃል ማገጣጠም ይጀምራሉ። ከዚህ በጥቂት ወራት መቅደምም ሆነ መዘግየት የተለመደ ነው። ቶሎ መራመድ ደግሞ ስለ አስተሳሰቡ ብዙም አይነግረንም።

መቼ እንደጀመረ ከመቁጠር ይልቅ፣ በጀመረው ነገር ምን እንደሚሠራበት ማየት ይሻላል። ሁለት የ4 ዓመት ልጆችን እናስብ። አንዷ እስከ 100 በቃሏ ትቆጥራለች። ሌላዋ እስከ 20 ብቻ ነው የምትችለው። ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ ስድስት እርሳስ አይታ “ለአራታችን አንድ አንድ ከደረሰን ሁለት ይተርፋል፤ የተረፈውን ለማን እንስጥ?” ትላለች። ቆጠራን ማንም ሊያስጠና ይችላል። ሁለተኛዋን ግን ማንም አላስጠናትም። በቁጥር እያሰበች ነው።

ታዲያ ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ምንድን ናቸው?

ሁሉንም ምልክት አሟልቶ የሚያሳይ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ በቋንቋ፣ ሌላው በቁጥር፣ ሌላዋ በሙዚቃ ወይም በሥዕል ትለያለች። ቢሆንም ብዙዎቹ ላይ የሚታዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የጥያቄያቸው ዓይነት ነው። “ለምን?” የማይል ትንሽ ልጅ የለም። ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ግን መልሱን ይዞት ይሄዳል። “ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?” ይላችኋል። “በጣም ሩቅ ስለሆነች የምትከተለን ትመስላለች” ትሉታላችሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ይመለስና “ተራራውም እኮ ሩቅ ነው፤ እሱ ለምን ትንሽ ብቻ ተከትሎን ይቀራል?” ይላል። መልሳችሁን ሰምቶ አልጣለውም። ካየው ነገር ጋር አስተያይቶታል። እኔ ከሁሉም ምልክቶች አብልጬ የማምነው ይህንን ነው።

ሌላው ትኩረታቸው ነው። የወደደውን ነገር ሲያገኝ ሲጠሩት አይሰማም። ስለ ፕላኔቶች፣ ስለ ጉንዳን፣ ስለ ባቡር ወይም ስለ ካርታ ብቻ ለወራት ያወራል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች አይቶ አይበቃውም፤ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ይፈልጋል። “ይሄኛው ከዚያኛው የሚለየው በምንድን ነው?” ይላል። ነገሮችን ይመድባል፣ ይደረድራል፣ ራሱ ባወጣው ሕግ ያስተካክላል። አሰላለፉን ስታበላሹበት የሚናደደውም ለዚህ ነው።

ትውስታቸውም ያስገርማል። ከብዙ ወራት በፊት አንድ ጊዜ የሄዳችሁበትን መንገድ መታጠፊያው ድረስ ሊነግራችሁ ይችላል። ተረት ስታነቡለት አንድ መስመር ብትዘሉ “ይቺን ዘለልሻት” ይላል። ንግግሩ ውስጥ “ምናልባት”፣ “እንዲህ ቢሆን ኖሮ”፣ “እሱ ስላልመጣ ነው እንጂ” የሚሉ አነጋገሮች ቶሎ ይገባሉ። ቀልድ ይገባዋል። በቃላት መጫወት ይወዳል።

ብዙ ወላጆች ከተሰጥኦ ጋር የማያያይዙት ደግሞ የስሜት ጥልቀት አለ። ሌላ ልጅ ሲበደል አይቶ ማታ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ስለ ሞት ወይም ስለ ፍትሕ በ4 ዓመቱ የሚጠይቅ ልጅ አለ። የሣለው ሥዕል አእምሮው ውስጥ እንዳለው አልወጣ ሲለው ወረቀቱን ቀዶ የሚያለቅስም አለ። ይህ ሁሌም መሞላቀቅ አይደለም። ልጁ የሚያስበው ነገር ጣቶቹ ከሚችሉት በላይ ሆኖበት ሊሆን ይችላል።

ገና ሳይናገር፣ በጨቅላነቱ ማወቅ ይቻላል?

በእርግጠኝነት አይቻልም። አንድን ሥዕል ቶሎ ሰልችተው ወደ አዲሱ የሚዞሩ ጨቅላዎች በኋላ በሚሰጣቸው የአስተሳሰብ ፈተና በመጠኑ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ግንኙነቱ ግን ደካማ ስለሆነ ስለ አንድ የተወሰነ ልጅ ለመናገር አይበቃም። በዚህ ዕድሜ አዋሩት፣ ዘፈን ዝፈኑለት፣ ዓይኑ የሚከተለውን ነገር አብራችሁ ተከተሉ። ይበቃል።

ልጄ ማንም ሳያስተምረው በ3 ዓመቱ ማንበብ ጀመረ። ይህስ?

ትልቅ ነገር ነው። ልብ ሊባል ይገባዋል። ግን አንድ ነገር አረጋግጡ፤ ያነበበው ይገባዋል? አጭር ታሪክ ካነበበ በኋላ “ልጅቷ ለምን ሸሸች? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁት። በራሱ ቃል ከመለሰ፣ የሚያነበውን እየተረዳ ነው።

አንዳንድ ልጆች ፊደልና ቃል በጣም ቀድመው መለየት ይችላሉ፤ የሚያነቡትን ግን አይረዱትም። ባለሙያዎች ይህን ሃይፐርሌክሲያ ይሉታል። አንዳንድ ጊዜ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ይታያል። ልጁ በደንብ እያነበበ በንግግር ግን መግባባት የሚቸግረው ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወት የማይፈልግ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ወይም የንግግር ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። አትዘግዩ። ማንበቡ ሌላውን ችግር እንዳይሸፍንባችሁ ነው።

በሌላ በኩል፣ በ6 ዓመታቸውም ገና የማያነቡ ባለ ተሰጥኦ ልጆች አሉ። ንባብ ከብዙ በሮች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ጎበዝ ልጅና ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ በምን ይለያያሉ?

ጎበዝ የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ መልሱን ያውቃል፣ የቤት ሥራውን በሰዓቱ ይጨርሳል፣ መምህሩን ያስደስታል። ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ “ጥያቄው ራሱ ልክ ነው ወይ?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሲነገረው ቶሎ ስለሚገባው መደጋገም ይሰለቸዋል። የደብተር ሥራው የተዝረከረከ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የክፍል ውጤት ብቻውን አይለያቸውም። በነገራችን ላይ አንድ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው ግልጽ ድንበር አለ ብዬ አላምንም።

ተመራማሪው ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራና የያዙትን ሥራ አጥብቆ የመከታተል ፍላጎት ሲገናኙ ነው ተሰጥኦ ጎልቶ የሚወጣው ይላል። እንደ እሱ አመለካከት ችሎታው ብቻውን አይበቃም።

ሲያወራ ትልቅ ሰው ይመስላል፣ ካልሲው ሲጣመምበት ግን መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። የትኛው ነው እውነተኛው ልጄ?

ሁለቱም። ይህ ጥያቄ ወላጆችን በጣም የሚያደክም ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

የእነዚህ ልጆች ዕድገት እኩል አይራመድም። አንድ የ5 ዓመት ልጅ እንደ 8 ዓመት ልጅ ሊያስብ፣ እንደ 5 ዓመት ልጅ እርሳስ ሊይዝ፣ ሲደክመው ደግሞ እንደ 3 ዓመት ልጅ ሊያለቅስ ይችላል። ሦስቱም በአንድ ቀን ውስጥ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የተሰባሰቡ ወላጆችና ባለሙያዎች ተሰጥኦን ራሱን በዚህ ያልተመጣጠነ ዕድገት ነው የገለጹት። ከአስተሳሰብ ፍጥነትና ከስሜት ጥልቀት ጋር አያይዘው ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው እኛ ትልልቆቹ በንግግሩ ስንታለል ነው። ስለ እሳተ ገሞራ በደንብ ያስረዳን ልጅ ጫማውን አልቀይርም ብሎ ሲያለቅስ “አንተ እኮ ትልቅ ነህ፣ አታፍርም?” እንለዋለን። ትልቅ አይደለም። 5 ዓመቱ ነው። ማባበል፣ ማቀፍ፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ግልጽ ደንብ፤ እኩዮቹ የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ለእሱም ያስፈልገዋል። እውቀቱን ሰምታችሁ ኃላፊነት አታሸክሙት። የቤተሰብን ጭንቀት፣ የገንዘብን ችግር “ይገባዋል” ብሎ ማካፈል ልጁን ይጎዳዋል። መረዳቱ እውነት ነው። የመሸከም አቅሙ ግን የሕፃን ነው።

አንዳንዶቹ በልብስ ውስጥ ያለ መለያ ጨርቅ፣ የካልሲ ስፌት፣ ድንገተኛ ድምፅ በጣም ይረብሻቸዋል። ይህ የብዙ ልጆች ባሕርይ ስለሆነ ብቻውን ተሰጥኦን አያሳይም። የዕለት ኑሮውን እስኪያውክ ድረስ ከበረታ ግን ለሐኪም አማክሩ።

መምህርቷ “ልጅሽ አይረጋጋም፣ ትኩረት የለውም” አለችኝ። ቤት ግን ሰዓታት ተቀምጦ ይገጣጥማል።

ቁጣም መከላከልም ሳይቀድም መምህርቷን መቼ መቼ እንደሚሆን ጠይቋት። የሚረብሸው የሚያውቀው ነገር ሲደጋገምበት ነው? አዲስና ከበድ ያለ ነገር ሲሰጠውስ ይረጋጋል? እንደዚያ ከሆነ ምናልባት ሰልችቶት ነው።

ነገር ግን “ተሰጥኦ ስላለው ነው” ብሎ መዝጋትም ልክ አይደለም። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) ያለባቸው ልጆችም የሚወዱት ነገር ላይ ለረጅም ሰዓት ሊቆዩ ይችላሉ። ምርመራው ምልክቶቹ ከአንድ በላይ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየታቸውን ይጠይቃል። ተሰጥኦና እክል አንድ ልጅ ውስጥ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ግሩም አድርጎ የሚያስብ ልጅ ዲስሌክሲያ (የማንበብና የመጻፍ ችግር)፣ ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ሊኖርበት ይችላል። እነዚህ ልጆች ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝኑኛል። ተሰጥኦው ችግሩን ይሸፍነዋል፣ ችግሩ ተሰጥኦውን ይሸፍነዋል፣ ልጁ “መካከለኛ ተማሪ” ተብሎ ያልፋል። በውስጡ ግን “ለምንድን ነው የማስበውን መጻፍ የማልችለው?” እያለ ይጨነቃል። በሚናገረውና በሚጽፈው መካከል የጎላ ልዩነት ካያችሁ የባለሙያ ምርመራ ጠይቁ።

የአይኪው (የአስተሳሰብ ችሎታ) ፈተና ላስፈትነው? በስንት ዓመቱ?

መጀመሪያ ውጤቱን ለምን እንደምትፈልጉት እወቁ። ክፍል ለማሻገር (አንድ ክፍል ለማስዘለል)፣ ልዩ ፕሮግራም ውስጥ ለማስገባት ወይም የተደበቀ የመማር ችግር ለማጣራት ከሆነ ጥሩ ምክንያት ነው። ለዘመድ ለመንገር ከሆነ ልጁን አታድክሙት።

ከ2 ዓመት ተኩል ጀምሮ የሚሰጡ ፈተናዎች አሉ። የትንንሾቹ ውጤት ግን በኋላ ሲለካ ብዙ ይቀያየራል። ልጁ ዛሬ እንቅልፍ አልጠገበም፣ ፈታኙን አፍሯል፣ ጨዋታው አላስደሰተውም፤ ውጤቱ ወረደ ማለት ነው። ልዩ ምክንያት ከሌለ 6 ወይም 7 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ይሻላል። ፈታኙ በሙያው የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የአሥር ደቂቃ ፈተናዎች ምንም አይነግሯችሁም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ በአብዛኞቹ ፈተናዎች መካከለኛው ውጤት 100 ነው። 130ና ከዚያ በላይ የሚያመጡት ከ100 ልጆች 2 ያህል ናቸው። ብዙ ፕሮግራሞች መቁረጫ የሚያደርጉትም ይህንን ነው። ግን ቁጥሩን እንደ ብያኔ አትዩት። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ፈረንሳይ ውስጥ የመጀመሪያውን ፈተና ሲያዘጋጁ ዓላማቸው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች መለየት ነበር። በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሉዊስ ተርማን በዚያ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 በላይ ባለ ከፍተኛ ውጤት ልጆችን መርጦ ሕይወታቸውን መከታተል ጀመረ። ብዙዎቹ በትምህርትና በሥራ ተሳካላቸው። ይሁንና ተፈትነው መቁረጫውን ሳያልፉ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሾክሌይ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት መካከል ግን የኖቤል ሽልማት ያገኘ የለም።

ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ እንናገራለን። ልጄ ቃላት ያንሱታል። ይህ ተሰጥኦ እንደሌለው ያሳያል?

አያሳይም። የሁለቱንም ቋንቋ ቃላት ደምራችሁ ቁጠሩ። በአንድ ቋንቋ ብቻ የተፈተነ ልጅ ከአቅሙ በታች ሊለካ ይችላል። በሥዕልና በቅርጽ የሚሰጥ ክፍል ያለው ፈተና መምረጥ ይቻላል።

ልጄ ዝምተኛ ናት። እንዲህ ያሉ ልጆች ተሰጥኦ ቢኖራቸውም አይታዩም ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ መስተካከል ያለበትም ነገር ነው። እጁን ቶሎ የሚያወጣ፣ በልበ ሙሉነት የሚናገር፣ ወላጁ ትምህርት ቤት እየመጣ የሚጠይቅለት ልጅ ቶሎ ይታያል። ዝምተኛዋ፣ ከደሃ ቤተሰብ የመጣው፣ የትምህርቱን ቋንቋ ገና እየለመደ ያለው ልጅ ይታለፋሉ። አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ ግዛት አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የመምህርና የወላጅ ጥቆማ መጠበቁን ትቶ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ አጭር የማጣሪያ ፈተና መስጠት ጀመረ። በባለ ተሰጥኦነት የተለዩት የድሃ ቤተሰብ፣ የጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። ልጆቹ ድሮም እዚያው ነበሩ። የሚያያቸው ነው ያልነበረው።

አንዳንድ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከጓደኞቻቸው ላለመለየት ሲሉ የሚያውቁትን ይደብቃሉ። ልጃችሁ ቤት ረጃጅም መጽሐፍ እያነበበች ትምህርት ቤት ፊደል እንደማትለይ ከሆነች፣ የምታደርገው ይህንን ሊሆን ይችላል። አትገሥጿት። እየተጠነቀቀች ነው። ለመምህሯ ግን ቤት የምታነበውን አሳዩ።

ክፍል ማሻገር ጥሩ ነው?

ለተዘጋጀ ልጅ፣ አዎ። በርካታ ጥናቶች ክፍል የተሻገሩ ልጆች በትምህርት እንደሚጠቀሙ፣ በማኅበራዊ ኑሯቸውም በአማካይ እንደማይጎዱ ያሳያሉ። ወሳኙ “ተዘጋጅቷል ወይ?” የሚለው ነው። ከትልልቆች ጋር መሆን ይፈልጋል? ሲሸነፍ ይችለዋል? የሚቀበለው መምህር ፈቃደኛ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1975 አውስትራሊያ ውስጥ የተወለደውን የሂሳብ ሊቅ ቴሬንስ ታኦን ወላጆች አያያዝ እወደዋለሁ። በ3 ዓመት ተኩሉ ትምህርት ቤት አስገብተውት ነበር። ገና እንዳልደረሰ ሲያዩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስወጡት። 5 ዓመት ሲሆነው መለሱት። ከዚያ በሂሳብ ከትልልቅ ተማሪዎች ጋር፣ በሌሎቹ ትምህርቶች ከዕድሜው ከሚቀራረቡት ጋር እንዲማር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2006 ታላቁን የሂሳብ ሽልማት፣ ፊልድስ ሜዳልያን ተሸለመ። ማፍጠንና ማዘግየት በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሠርተዋል። ሙሉ ክፍል ማሻገር ካልተመቸ በአንድ ትምህርት ብቻ ማሻገር ይቻላል።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግለት? ውድ መጫወቻ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ ካርቶን፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳችኋቸው መጻሕፍትና ሥራ የሌለበት ጊዜ ይበቃሉ። የመጨረሻው በተለይ እንዳይረሳ። ከሰኞ እስከ እሑድ በኮርስ የተያዘ ልጅ የራሱን ነገር የሚያስብበት ሰዓት የለውም።

ጥያቄ ሲጠይቅ ሁሌ መልስ አትስጡ። “አንተ ምን ትላለህ? እንዴት ልናውቅ እንችላለን?” በሉት። የማታውቁትን “አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ” በሉ። ከእናንተ መስማቱ አለማወቅ እንደማያሳፍር ያሳየዋል። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ የሚከብደው ነገር ስጡት፤ ቼዝ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ትንሽ ከበድ ያለ ፐዝል። ሁሉ ነገር ቀሎት ያደገ ልጅ የመጀመሪያው ከባድ ነገር 12 ዓመቱ ላይ ቢመጣበት እንዴት እንደሚታገለው አያውቅም።

“አንተ እኮ ሊቅ ነህ!” ብዬ ማሞገሴ ይጎዳዋል?

ፍቅራችሁ አይጎዳውም። ነገር ግን የምታሞግሱትን ምረጡ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጥያቄ አሠርተው ገሚሶቹን በብልህነታቸው፣ ሌሎቹን በጥረታቸው አሞገሱ። ብልህ ከተባሉት ብዙዎቹ ቀጥሎ ቀላሉን ሥራ መረጡ። ከባድ ሥራ ገጥሟቸው ሲወድቁም ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ብልህ የሚለውን ስም እንዳያጡ ፈሩ ማለት ነው። “ሦስት ጊዜ ፈርሶብህ በሌላ መንገድ ሞከርክ!” ማለት ልጁ በድጋሚ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ያሳየዋል።

ታላቅየው ተሰጥኦ አለው ተባለ። ታናሽየውስ?

ወንድማማቾችና እህትማማቾች ብዙ ጊዜ በአስተሳሰብ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ታናሽየውንም በትኩረት እዩት። የሚያሳየው በሌላ መስክ ሊሆን ይችላል። “ሊቁ እሱ ነው፣ ይቺ ደግሞ ተጫዋቿ ናት” የሚል ክፍፍል ቤት ውስጥ አይነገር። ሁለቱም ይሰሙታል፣ ሁለቱም ያምኑታል።

ለመምህሩ እንዴት ላንሳው? “ልጄ የተለየ ነው” ብል ይታዘበኛል።

በዚያ ቃል አትጀምሩ። ለሁለትና ሦስት ሳምንት የሚጠይቀውን፣ የሚሠራውንና የሚያስለቅሰውን ነገር ቀን እየጻፋችሁ መዝግቡ። የሣለውን፣ የጻፈውን፣ የገጣጠመውን ፎቶ አንሡ። የክፍሉ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለዚህ አይመችምና ቀጠሮ ያዙ። ስትገናኙ “ቤት እንዲህ እያደረገ ነው፤ እዚህስ ምን ያያሉ?” ብላችሁ ጠይቁና አድምጡ። መምህሩ እናንተ የማታዩትን ያያል፤ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዴት እንደሚሆን፣ ሲሰለቸው ምን እንደሚያደርግ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ጠይቁ። ለምሳሌ ሥራውን ቀድሞ ሲጨርስ ያንኑ ዓይነት ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን ከበድ ያለ አንድ ጥያቄ እንዲሰጠው። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ተገናኙና ለውጡን አብራችሁ እዩ።